የርቢ ላሞችና የእበት እሳት

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ከቢሮ አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። "እትዬ ማስተዋል፣ የባዮጋዙን ነገር የሚያውቅ ሰው ከእርስዎ ወዲያ የለንም። ትዝ የሚልዎትን ይጻፉልን" አለችኝ። እሷ የምትሠራው የሶላር መብራት በሚታደልበት ክፍል ነው። ዛሬ የመንግሥት ማበረታቻ ወደ ፀሐይ ዞሯል፤ በእኔ ዘመን ወደ እበት ነበር። "የእበት ወሬ ነው የምጽፍልሽ" ብላት ሳቀች። እኔ ለመሳቅ ደክሞኝ ነበር። ቢሆንም ብዕር አነሣሁ። ንባብና ጽሕፈት ዘግይተው የመጡልኝ ነገሮች ስለሆኑ እምቢ ማለት አልችልባቸውም።

ትምህርት ቤት የገባሁት ትዳር ይዤ፣ ልጅ ወልጄ፣ ትዳሩንም ትቼ ከወጣሁ በኋላ ነው። ደብረ ታቦር ሰው ቤት እየሠራሁ በማታው ክፍል ተማርሁ። ከመምህራኑ አንዳንዶቹ በዕድሜ ከእኔ ያንሱ ስለነበር "አንቺ" ለማለት ይቸገሩ ነበር፤ "እርስዎ" ሲሉኝ ደግሞ ልጆቹ ይስቁ ነበር። የቴክኒክ ትምህርቴን ስጨርስ የወረዳ ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ይፈልግ ኖሮ ተቀጠርሁ። ደመወዙ የቤት ኪራይና አልፎ አልፎ መጽሐፍ ይችል ነበር። ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ሥራው እንዲህ ነው። አንድ ገበሬ ጓሮው ላይ ጉድጓድ ይቆፍራል። ጉድጓዱ በድንጋይና በሲሚንቶ ተገንብቶ እንደ ተደፋ ቅል ያለ ጉልላት ይደረግለታል። እበት ከውኃ ጋር ተበጥብጦ ይገባበታል፤ እዚያ ሲብላላ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ በቧንቧ ወጥ ቤት ገብቶ ያለ ጭስ ይነዳል። የተረፈው ዝቃጭ ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል። ድንጋዩ፣ አሸዋውና ጉልበቱ የባለቤቱ ነው። ሲሚንቶው፣ ቧንቧውና ምድጃው በአብዛኛው በድጎማ ይሸፈናል፤ ቀሪውን ባለቤቱ ይከፍላል። ድጎማው የሚፈቀደው ግን በረቱ ውስጥ አራት ከብት ላለው ቤት ነበር። ከዚያ ካነሰ ጉድጓዱ ይራባል፤ እሳቱም ይጠፋል።

አራት ከብት ብሎ መጻፍ ቢሮ ውስጥ ቀላል ነው። በእኛ አገር ግን ከብት አይቆጠርም። "ስንት ከብት አላችሁ?" ብሎ የጠየቀ ሰው "እግዜር የሰጠን አለ" ተብሎ ይሸኛል። ቆጠራ ዓይን ያስገባል፤ ከዓይንም የባሰ ግብር ያስከትላል። እኔ የመጀመሪያ ምድቤ እብናት ነበር። ቅጽ ይዤ ከደጅ ደጅ ስዞር እንደ ቀራጭ ነበር የሚያዩኝ። አንዲት ሴትዮማ ስታየኝ ጥጆቿን ጭድ ቤት አስገብታ በሩን ዘጋችባቸው። ስናወራ ጥጆቹ ውስጥ ሆነው ይጮኻሉ፤ እሷ "ምን ጥጃ?" ትለኛለች።

አጠያየቁን ያስተማሩኝ ዋና ቴክኒሻናችን ጋሽ መኳንንት ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገር የማያበዙ ሰው ነበሩ። በረት ሲደርሱ ስለ ከብት አያነሡም። መጀመሪያ ስለ ዝናብ፣ ቀጥሎ ስለ ገብሱ ያወጋሉ። ዓይናቸው ግን ከብት የሚታሰርበት ካስማ ላይ ነው፤ ገመድ የላገው የትኛው ነው? የኩበቱ ክምር ምን ያህላል? ከዚያ ወደ ሴትየዋ ዞር ይሉና ልክ እንደ ዘመድ፣ "ለመሆኑ ቅቤው ወዴት ይሄዳል?" ብለው ይጠይቃሉ።

ይህ ጥያቄ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ስንመለስ በመንገድ ላይ አስረዱኝ። "አንባቢዋ፣ ርቢ ታውቂ የለ?" አሉኝ፤ አንባቢዋ ነበር የሚሉኝ። ርቢማ አውቃለሁ። ላም የሌለው ሰው የሌላውን ላም ተቀብሎ ያረባል፤ ጥጃውንም ቅቤውንም ከባለቤቱ ጋር እኩል ይካፈላል። "ታዲያ ላሟ የማን ናት ብለሽ ብትጠይቂ ሰው ያፍራል፤ የሰው ከብት ጠባቂ ነኝ ማለት ይከብደዋል። ቅቤው ወዴት ይሄዳል ስትዪ ግን 'እኩሌታው ለእገሌ' ይልሻል። ያኔ ከብቱ ነገ ከበረቱ ሊወጣ እንደሚችል ታውቂያለሽ።"

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የጉልላቱ ልስን ከደረቀ በኋላ ውስጥ ይገቡና አፉን በጆንያ እንድንሸፍንባቸው ያዛሉ። በጨለማው ውስጥ ቁጭ ብለው ቀና ብለው ያያሉ። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ካዩ ከውስጥ ሆነው በድንጋይ ይመታሉ፤ እኛ በውጭ በኩል ምልክት እናደርጋለን። "ውኃ የማያሳልፍ ቀዳዳ ጋዝ ያሳልፋል" ይሉ ነበር። አሸዋ ሲመጣ በጠርሙስ ውኃ ውስጥ በጥብጠው ያስቀምጡታል፤ ጭቃው ከላይ ሲወፍር ካዩ ጭነቱን ሁሉ ይመልሳሉ። ግንበኞቹ "ጋሽ መኳንንት አሸዋ ያማርጣሉ" ብለው ያሟቸው ነበር። እሳቱ ሳይነድ ደግሞ በዚያ ቤት ጠላ አይቀምሱም። ሰው ይቀየማቸዋል፤ "ዕዳ ይሆንብኛል" ብለው ያልፉታል።

ከእብናት ወደ ጉና ሥር ተዛወርን። እብናት ከብት ነበር፣ ውኃ አልነበረም። ጉና ሥር ውኃ አለ፣ ብርዱ ግን እበቱ እንዳይብላላ ያደርገዋል። ጉልላቱን በገለባና በአፈር እያለበስን እንደ ሕፃን አቀፍነው። አንድ ሽማግሌ ምድጃዋ ላይ ትር ትር የምትለውን እሳት አይተው፣ "ይህን ጉድጓድ ወንዛዬ ፍል ውኃ ላይ ብትቆፍሩት ኖሮ ያለ እበትም በፈላ ነበር" አሉን። ቀልደው ነው፤ ጋሽ መኳንንት ግን መንገዱን ሙሉ ሲያስቡበት ነው የመጡት።

ሦስተኛው ምድቤ ደራ ነበር፤ መቀመጫችን ሐሙሲት። ልጽፈው የተነሣሁት ነገር የሆነው እዚያ ነው።

ከሐሙሲት ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ አንዲት ወጣት ቢሮ መጣች። ፈንታነሽ ትባላለች። ዓረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። ወንበር ሳትስብ ቆማ፣ "ጭስ የሌለውን ምድጃ ለእናቴ ፈልጌ ነው። የባለቤቱ ድርሻ የሚባለውን እከፍላለሁ" አለች። የእናትየዋ ዓይን በትራኮማ ተጎድቷል። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ይወጋቸው ነበርና ያንኑ ሰሞን ተቀድደው ታክመዋል። ሐኪሙ፣ "ጭስ ካልራቀልዎት ሕክምናው ከንቱ ነው" ብሏቸዋል።

ከጋሽ መኳንንት ጋር ሄድን። እናትየዋ እትዬ አንጓች ዓይናቸው ላይ ነጭ ጨርቅ ጣል አድርገው ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። ባላቸው ሞተዋል። በረቱ ውስጥ ሁለት በሬና ሁለት ላም አሉ። ጋሽ መኳንንት ስለ ዝናቡ አወጉ፤ ስለ ጤፉ አወጉ፤ ካስማዎቹን አዩ።

"ለመሆኑ እትዬ አንጓች፣ ቅቤው ወዴት ይሄዳል?"

"እኩሌታው ለደርሶ ነዋ። ላሞቹ የእሱ አይደሉ?" አሉ፤ ሳይደብቁ፣ ሳያፍሩ። አቶ ደርሶ ሐሙሲት ላይ እህል የሚነግዱ ሰው ናቸው።

ጋሽ መኳንንት ካስማዎቹን እንደገና አዩ። ፈንታነሽ ነገሩ ገባት። "ምነው ጋሼ? እበት እንጂ ላም አልጠየቃችሁም። እበቱም ርቢ ነው እንዴ?"

"ላሞቹ የሄዱ ዕለትስ ልጄ?"

"ላሞቹ አባቴ ከሞተ ጀምሮ እዚሁ ናቸው። ጋሽ ደርሶ በዓመት በዓል ቅቤያቸውን ወስደው ይሄዳሉ። የት ይወስዷቸዋል? ከተማ ውስጥ ሱቅ ሊያስጠብቋቸው ነው?"

መመሪያው "በበረቱ አራት ከብት ያለው" ይላል እንጂ "የራሱ" አይልም። ኃላፊያችን ደግሞ በጀቱ ሳይመለስ ቤት እንድናበዛ ይጎተጉተን ነበር። ግን የወሰነው መመሪያውም ኃላፊውም አይደለም። እትዬ አንጓች ጨርቁን ገለጥ አድርገው አዩን። ዓይናቸው ቀልቶ፣ ስፌቱ ገና አልደረቀም ነበር። "የነፍስ ነው፤ እንደሚሆን አድርጉልኝ" አሉ። ጋሽ መኳንንት ወደኔ አዩ። እኔ ወደ ጓሮው፣ አፈሩ ቀይ ወደሆነበት ወደ ላይኛው በኩል አየሁ፤ ታች ያለው ጥቁር መረሬ አፈር ክረምት ሲያብጥ ግንብ ይሰነጥቃል። "እዚያ ጋ ይሻላል" አልሁ። "ይቆፈር" አሉ።

ከሠራናቸው ሁሉ የተዋጣለት እሱ ነበር። ፈንታነሽ ራሷ ድንጋይ ተሸከመች። አሸዋው ከጉማራ ወንዝ መጥቶ በጠርሙሱ ፈተና አለፈ። ጋሽ መኳንንት ጉልላቱ ውስጥ ገብተው ሲቆዩ አንድም ጊዜ በድንጋይ አልመቱም። አፉን ገልጠን ስናወጣቸው፣ "መቃብር ይመስላል፤ አንዲት ብርሃን የለም" አሉ፤ እሳቸው ሲያመሰግኑ እንዲያ ነው። እትዬ አንጓች እበቱን በእጃቸው እየበጠበጡ ገለባውን ለቅመው ያወጡ ነበር። የመጀመሪያውን ጋዝ እንደ ደንቡ ለነፋስ ለቀቅነው። ሁለተኛው ሲለኮስ ሰማያዊ ሆኖ ነደደ። እትዬ አንጓች ፊታቸውን አስጠግተው ጠበቁ፤ ጭስ እስኪመጣ ነበር የሚጠብቁት። አልመጣም። ጋሽ መኳንንት በዚያ ቤት ጠላ ጠጡ፤ ደገሙም።

ወሬው ሐሙሲት ደረሰ። "አንጓች በደርሶ ላሞች እበት ከመንግሥት ሲሚንቶና ምድጃ ተሰጣት" ተባለ። አቶ ደርሶ በበዓል ብቻ የሚመጡት ሰውዬ፣ በበዓል ሳይሆን መጡ። የእሳቱን እኩሌታ ጠየቁ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። ነገሩ በሽማግሌ ይታይ ተባለ፤ ሽማግሌዎቹም ግንባታውን እናስረዳ ዘንድ እኔንና ጋሽ መኳንንትን ጠሩን። የተቀመጡት እዚያው ጓሮ፣ ከግንባታው በተረፈው ድንጋይ ላይ ነው።

አቶ ደርሶ ተነሥተው ቆሙ። "ላሟ የእኔ ናት። ጥጃዋ እኩል ነው፤ ቅቤዋ እኩል ነው። እበቷ ምን ሆና ብቻዋን ቀረች?"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ቄስ ናቸው፣ "አንተ ደርሶ፣ እስከ ዛሬ እበት ጠይቀህ ታውቃለህ?" አሏቸው።

"እስከ ዛሬስ መንግሥት ለእበት ገንዘብ አውጥቶ ያውቃል አባ?"

ይህ ያልታሰበ መልስ ነበር። እውነትም በርቢ ሕግ ስለ እበት የተነገረ ነገር የለም። ማንም የማይፈልገው ነገር ድርሻ አይቆረጥለትም። ዋጋ ያወጣንለት እኛ ነን።

ፈንታነሽ ከእናቷ ኋላ ቆማ፣ "ይሁን ጋሽ ደርሶ፣ እኩሌታውን እሳት በምን ይወስዱታል? አቁማዳ ይዘዋል?" አለች።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ቄሱ ጭራቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አቶ ደርሶ ብቻ አልሳቁም፤ ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው፣ "እበት የጠራጊው ነው" ብለው ፈረዱ። የሚያምር ፍርድ ነበር። አቶ ደርሶም ፍርዱን ተቀብለው እጅ ነሡ። "እንግዲያ እበቱን ትጥረግ። ላሞቼን ግን እኔ እወስዳለሁ" አሉና የሁለቱንም ላሞች ገመድ ፈትተው እየጎተቱ ሄዱ። ርቢ ባለቤቱ ባሻው ጊዜ ይፈርሳል፤ ማንም ሊከለክላቸው አልቻለም። እትዬ አንጓች ላሞቹን እስከ አጥሩ በር ድረስ ሸኟቸው። "እንዳትመታቸው፤ ታናሽቱ ድንጉጥ ናት" ሲሉ ሰማኋቸው።

የሁለት በሬ እበት ለዚያ ጉድጓድ ቁርስም አይሆንም። እሳቱ አነሰ፤ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ ሻይ እንኳ ማፍላት አቃተው። ጎረቤት እበቱን ለኩበት ይፈልገዋል፤ ቢለምኑትም የሚሰጠው ጥቂት ነው። እትዬ አንጓች ሐሙስ ሐሙስ ሐሙሲት ከብት ተራ እየሄዱ በጆንያ ይለቅሙ ጀመር። ሴቶቹ "አንጓች ገበያ የምትወጣው እበት ልትሸምት ነው" እያሉ ይዘባበቱባቸው ነበር። እሳቸውም "እናንተ ሽንኩርት ትሸምቱ የለ፤ ሁሉም ለእሳት ነው" ይሉ ነበር። የሰውን ፌዝ ችለውት ነበር፤ መንገዱን ግን ጉልበታቸው አልቻለውም።

በሚቀጥለው ጊዜ ስንሄድ ወጥ ቤቱ በጭስ ታፍኖ አገኘነው። እትዬ አንጓች ጉልቻ ላይ እንጨት እየማገዱ ነበር። ዓይናቸው እንደገና ያነባል፤ ሽፋሽፍቱም ተመልሶ መታጠፍ ጀምሯል። ጋሽ መኳንንት የምድጃውን ቁልፍ ከፍተው ክብሪት ጫሩ፤ ክብሪቱ ብቻ ነዶ አለቀ። ወጥተው ጉልላቱ ላይ ያለውን አፈር ጠረግ አደረጉ፤ በቀለበታቸው ነካ ነካ አድርገው አዳመጡ። "ደኅና ነው" አሉ። "ምንም አልሆነም። ደኅና ነው።" ብዙም ሳይቆዩ ጡረታ ወጡ፤ ከወጡ በኋላ ስለ ሁሉም ምድቦቻችን እናወጋ ነበር፤ ስለ እዚያ ቤት ግን አያነሡም፤ እኔም አላነሣባቸውም።

ቢሮው ከነገሩ ተማረ ተባለ። መመሪያው ላይ "የራሱ የሆነ አራት ከብት" የሚል ተጨመረ። ትክክል ነው፤ እኔም ደግፌዋለሁ። በዚህም ምክንያት ባሏ የሞተባትና በርቢ የምትኖር ሴት ሁሉ ከድጎማው ወጣች። የገባው ባለ ከብቱ ብቻ ነው። በማግስቱ ዓመት ከአመልካቾች መካከል አቶ ደርሶ ነበሩ። ሐሙሲት ዳር ሰፊ ጓሮ አላቸው፤ እነዚያ ሁለት ላሞችም ከሌሎቹ ጋር እዚያው ታስረዋል። ሁሉም ነገር መመሪያው እንደሚለው ነው። ግንባታውን እኔ ተቆጣጠርሁ። አሸዋቸውን በጠርሙስ ፈተንሁ፤ ጉልላታቸው ውስጥ ገብቼ በጨለማው ተቀመጥሁ። እንዳይነድባቸው የማደርገው ነገር አልነበረም፤ ማድረግም አልፈልግም። ነደደላቸው። ጠላ አቀረቡልኝ፤ ጾም ነው ብዬ ሄድሁ።

ፈንታነሽን ከዚያ በኋላ ያገኘኋት ሚኒባስ ስትጠብቅ ነው። ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም ወደ ዓረብ አገር ልትመለስ ነው። ያጠራቀመችው በባለቤቱ ድርሻና በእናቷ ሕክምና አልቋል።

"ለላም ብለሽ ነው የምትሄጂው?" አልኋት።

"ምን ላድርግ እትዬ ማስተዋል? ጉድጓዱን ሰጣችሁን፤ የሚበላውን ደግሞ እኔ ላምጣለት።"

አልተቆጣችም። እንዲያው እንደ ሒሳብ ነው የነገረችኝ። ሻንጣዋን አንሥቼ ረዳቱ ላይኛው መጫኛ ላይ እስኪያስርላት ያዝሁላት። ሌላ የማደርግላት ነገር አላገኘሁም። መኪናው ሲነሣ በመስኮት ብቅ ብላ፣ "እማዬን እየዞሩ ይዩልኝ" አለች።

እየዞርሁ አየኋቸው። መንገዱ እንደ ልብ በማይኬድበት ጊዜ እንኳ፣ በእግር የሚሄድ ሳገኝ ተጠግቼ እሄድ ነበር። ልጃቸው ሰው አገር የሰው ቤት ስትጠርግ ብዙ ክረምት አለፈ። ከሥራ ልሰናበት ስል፣ ድጎማ ያገኙ ቤቶች የትኛው እንደሚነድ፣ የትኛው እንደቆመ ዞሬ እንዳጣራ ታዘዝሁ። እትዬ አንጓች ጋ የደረስሁት ቀን ላይ ነው።

በረቱ ውስጥ ከበሬዎቹ ጎን ሁለት ላሞች አሉ። አንዲቱ ጥጃ አላት። ቅቤው ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቅሁም።

እትዬ አንጓች በአንድ ዓይናቸው ማየት ትተዋል። በሌላኛው እኔን ለማየት አንገታቸውን ጠመም ያደርጋሉ። ወጥ ቤት አስገቡኝና ቁልፉን በዳበሳ አግኝተው ለኮሱት። ሰማያዊ ነው። ግድግዳው በአዲስ አመድና ጭቃ ተለቅልቋል፤ ጥላሸት የለበትም። ቅጼ ላይ "የሚሠራ" ብዬ ጻፍሁ፤ የሚሠራ ነውና።

በዚህ መካከል ስልካቸው ጮኸ፤ በምስል ነው። ፈንታነሽ ናት። ፊቷ ሞላ ብሏል፤ ራሷ ላይ ሻሽ አስራለች፤ ከኋላዋ ነጭ ሸክላ የለበሰ የሰው ወጥ ቤት ይታያል። እኔን ስታይ ደነገጠች፤ ከዚያ ሳቀች፤ "አረጁ እትዬ" አለችኝ። "አንቺስ መቼ ትመጫለሽ?" አልኋት። "አንድ ሥራ ብጨርስ" አለች። ሥራው ምን እንደሆነ አልነገረችኝም።

"እማዬ፣ እስኪ እሳቱን አሳይኝ።"

እትዬ አንጓች ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ምድጃው አዞሩት። በጣም ስላስጠጉት እጃቸው እንዳይቃጠል ፈርቼ ክንዳቸውን ያዝሁ። ልጅቱ ከዚያ ማዶ ታያለች። ምንም የተጣደ ነገር የለም፤ እሳቱ ባዶውን ይነዳል፤ ጋዙ ሲወጣ የሚያሰማት ትንሽ ድምፅ ብቻ ትሰማለች።

"በቃ አጥፊው እማዬ" አለች ፈንታነሽ። "ለራትሽ ይቆይሽ።"